የጡት ልጅና የጡጦ ልጅ

ለእኛ አገር ሰው ጡት ምግብ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ውለታ ቢሱን «ጡት ነካሽ» ብለን እንሰድበዋለን። ሳይወልድ ልጅ ያደረገንን ደግሞ «የጡት አባት» እንለዋለን። አባት ጡት ከየት አምጥቶ? እንዳትሉኝ፤ ታሪክ አለው።

ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል አገራችን ኖሮ፣ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ወግ መዝግቧል። የትልቅ ሰው ልጅ መሆን የፈለገ ሰው የጌታውን እጅ ይዞ ጣቱን ይጠባል፤ ልጅዎ ነኝ ይላል። ከዚያ ወዲያ ጌትዬው አቅሙ እስከፈቀደ ሊረዳው ይገደዳል። ጺማም ጎልማሳ ጣት ሲጠባ ማሰብ ያስቃል። ግን ልብ በሉ፤ ዕዳ የሚገባው የጠባው ብቻ አይደለም፣ ያጠባውም ነው።

አሁን ወደ ጡጦው እንሂድ። ሄንሪ ኔስሌ በ1867 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ፣ ቬቬ ከተማ ውስጥ ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር የሕፃን ምግብ ሠራ። እናቱ ለሞተችበት፣ ጡት ላጣ ሕፃን ትልቅ ነገር ነበር። ጣጣው የመጣው ጡት ላለው ሕፃንም መሸጥ ሲጀመር ነው። ሐኪሟ ሲስሊ ዊልያምስ ገና በ1939 ሲንጋፖር ላይ ነገሩን ከነፍስ ግድያ ጋር አያይዛ ተናግራለች። በኋላ የነርስ ልብስ የለበሱ ሻጮች በድሀ አገር ለወላዶች ነፃ ናሙና ያድሉ ጀመር። ናሙናው ሲያልቅ ያልተጠባው ጡት ደርቋል፤ ቆርቆሮው ውድ ነው፤ እናት ዱቄቱን ታቀጥነዋለች፤ ውሃውም ንጹሕ አይደለም። ሕፃኑ በተቅማጥ ያልቃል። በ1974 እንግሊዝ አገር ይህን የሚያጋልጥ ጽሑፍ ወጣ፤ በ1977 አሜሪካ ውስጥ የኔስሌን ዕቃ ያለመግዛት አድማ ተጀመረ። በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች የሚሸጡበትን ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወመች አንዲት አገር ብቻ ነበረች፤ አሜሪካ።

የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር እያልኩ አይደለም። አያቶቻችንም እንገሩን አልበው እየደፉ ለአራስ ልጅ ቅቤ ያስውጡ ነበር። ይህንን የጤና ሠራተኞች አስተምረውናል፤ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላሉ። መልካም። ሕጉስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገው። ተመስገን ነው፤ ግን 90 ቀን ሦስት ወር ነው። የቀረውን ሦስት ወር ማን ያጥባ?

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ይህንኑ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ልጄ እቤት ጡጦ ይጠባል፤ እኔ ያጋተ ጡቴን መሥሪያ ቤት መጸዳጃ ገብቼ አልበዋለሁ፣ እደፋዋለሁ» አለችኝ። ምን ይመለስላታል? በየግድግዳው «ጡት አጥቢ» የሚል ሥዕል ሰቅለንላታል። ለወተቱ ማስቀመጫ፣ ለእሷ መቀመጫ፣ ለልጁ ማቆያ ግን አላዘጋጀንም።

የጥንቱ ጌታ ጣቱን ስለተጠባ ብቻ ዕዳ ገብቶ ነበር። እኛ ግን ልጁ የአገር ነው እያልን፣ ዕዳውን ለእናቲቱ ብቻ ትተንላታል።