የጫሞ አሳ ሞት

በ1978 እ.ኤ.አ. ከአርባ ምንጭ ቁልቁል የሚታየውን ጫሞ ሐይቅ አልጌ ወረረው፤ ብዙ አሳም ሞተ። አምሃ በላይና ውድ የተባሉ ተመራማሪዎች ውኃውን አጥንተው ውጤቱን በ1982 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት አወጡ። ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ሥራ ነው።

አሳ በጅምላ ሲሞት ቀድሞ የሚጠረጠረው መርዝ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገዳዩ የኦክስጅን እጥረት ይሆናል። አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ራሱ ይጠቀመዋል፤ ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ ባክቴሪያዎች የቀረውን ይጨርሱታል። አስጊው ሰዓት እንግዲህ ንጋት ነው፤ አሳው ውኃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ ያጣጥራል።

ሁሉም እኩል አይጎዳም። የጫሞ መታወቂያ የሆነው ነጭ አሳ እጥረቱን አይችልም፤ አምባዛ ግን ከአየር ስለሚተነፍስ ይቆያል።

አሳ በበዛበት የቤት መስታወት ገንዳም አየር የሚያስገባው ሞተር ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከቆመ የሚደርሰው ይኸው ነው።