ከመጫወቻ አዳራሽ ወደ ማሠልጠኛ ክፍል



የኮምፒዩተር ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ጦሩ ገንዘብ ያወጣል፣ ሲቪሉ ፍሬውን ይለቅማል። ኢንተርኔትም ለዚህ ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። ዛሬ የማነሣው ግን ለጨዋታ የተሠራው ነገር ወደ ጦር ሰፈር የገባበትን የመልስ ጉዞ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ባትልዞን» የተሰኘ የታንክ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ጨዋታው ብራድሌይ ለተባለው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ተኳሾች ማሠልጠኛ ሆኖ እንዲሻሻል ከጦር ሠራዊቱ ወገን ጥያቄ መጣ። የጨዋታው ፈጣሪ ኤድ ሮትበርግ አጥብቆ ተቃወመ፤ በመጨረሻ እሺ ያለው ዳግመኛ በወታደራዊ ሥራ ላይ እንዳይመደብ ቃል ካስገባ በኋላ ነው። ማሽኑ ከናሙናነት አላለፈም። የታሪክ ተማሪ ግን ከማሽኑ ይልቅ ተቃውሞውን ልብ ሊል ይገባዋል እላለሁ፤ ባለሙያው የእጁ ሥራ ለማን እንደሚውል የመጠየቅ ዕድል ያገኘበት ጊዜ ነበርና።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህ ዕድል ጠበበ። «ዱም 2» በየሱቁ የሚሸጥ፣ ገዢውም እንደ ፍላጎቱ ሊለውጠው የሚችል ጨዋታ ነበር። በቨርጂኒያ ግዛት፣ በኳንቲኮ የነበሩ የማሪን ጦር ባልደረቦች ጭራቆቹን አስወጥተው በምትካቸው የጠላት ወታደሮችን አስገቡ፤ «ማሪን ዱም» ተባለ። በ1997 የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ቻርልስ ክሩላክ በግል ኮምፒዩተር የሚካሄዱ የጦር ጨዋታዎች ለሥልጠና እንዲውሉ ፈቀዱ።

ይህ ጨዋታ ተኩስ አስተማረ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ማውስ እንደ ጠመንጃ አይከብድም፣ ትከሻንም አይመታም፤ ዒላማ የሚለመደው በተኩስ ሜዳ ነው። በተያያዙ ኮምፒዩተሮች ፊት የተቀመጡት አራት ወታደሮች የሚለማመዱት መነጋገርን ነበር፤ ማን ይቀድማል፣ ማን ይሸፍናል፣ የማን ጥይት አለቀ። የክሩላክ ትእዛዝም ያተኮረው በማሰብና በመወሰን ልምምድ ላይ ነበር።

በ1999 ሠራዊቱ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የምርምር ተቋም በገንዘቡ አቋቋመ። በዚያ ትብብር የተወለደው «ፉል ስፔክትረም ዋሪየር» በ2004 ለሕዝብ ተሸጠ። ከዚያም በጨዋታው ምስሎች ላይ ተመሥርቶ «ቨርቹዋል ኢራቅ» ተሠራ፤ ከጦርነት የአእምሮ ቁስል ይዘው ለተመለሱ ወታደሮች ማከሚያ። ታካሚው የምስል መነጽር አጥልቆ የደረሰበትን ጮክ ብሎ ይተርካል፤ ሐኪሙ ከጎኑ ሆኖ የፍንዳታውን ድምፅ በልክ በልኩ ይጨምርለታል።