«ስንት ናችሁ?»፦ ጁባን ሊቆጥሩ የመጡ መጠይቆች

በዝናቡ ወራት አንዲት ወጣት ታብሌት ይዛ ወደ ምግብ ቤታችን ገባች። ለጥናት እንደመጣች ነገረችንና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መጠይቅ በጁባ አረብኛ እየተረጎመች ትጠይቀን ጀመር። «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» አለች። «ሁለት» አልናት። ከኋላችን ሦስቱ ሰሃን ያጥባሉ፣ አንዷ ቡና ትቆላለች፣ አንዱ በር ላይ ከውሃ ቦቴው ሾፌር ጋር ዋጋ ይከራከራል። ልጅቷ ቀና ብላ አየችን፤ ከዚያ «2» ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ? የተነገራትን መጻፍ ነው ሥራዋ። ስለ ወር ሽያጫችን የነገርናት ቁጥርማ የቤት ኪራያችንን እንኳ የሚከፍል አልነበረም።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። መዝገብ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ግብር ሰብሳቢ ይመስለናል፤ ይህን ልማድ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ነው። ግን እኛ በምንኖርበት ከተማ ቁጥር ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ጁባ ለስንት ጊዜ እንደተቆጠረችና በእያንዳንዱ ቆጠራ ምን ጠብ እንደተነሣ ማወቅ ለእኛም ይጠቅመናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሱዳን የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1955 እና በ1956 ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። በኦገስት 1955 የቶሪት ወታደሮች አምፀዋል፤ በጃንዋሪ 1956 ደግሞ ሱዳን ነጻነቷን አወጀች። ቆጣሪዎቹ ገጠሩን ቤት ለቤት ሳይሆን በናሙና ነበር የቆጠሩት፤ ለመላው አገሪቱ የወጣው ቁጥር ከ10 ሚሊዮን ጥቂት ያለፈ ነው። መጠይቁ የነገድ ጥያቄም ነበረበት፤ በውጤቱ ዐረብ ተብሎ የተመዘገበው 39 በመቶ ነው። ያቺ ቁጥር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መከራከሪያ ሆናለች። ጁባ በዚያን ጊዜ ወደ 10 ሺህ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1983 ወደ 84 ሺህ ደረሰች፤ በዚያው ዓመት ጦርነቱ እንደገና ፈነዳ። የ1993ቱ ቆጠራ የደቡቡን አብዛኛውን ክፍል አልነካም፤ ሠራዊት ባለበት መሬት ቆጣሪ አይዞርም።

ከሰላም ስምምነቱ በኋላ የከተማዋ ቁጥር እንደ ተናጋሪው ሆነ። ለ2005 ወደ 163 ሺህ የሚል ቁጥር አለ፤ ከአየር ላይ ፎቶ ተነሥተው የገመቱት ደግሞ ለ2006 ወደ 250 ሺህ ብለዋል። ሁለቱም ሐሰት ላይሆን ይችላል። አንዱ ሰው ሲጠይቅ ሌላው ጣሪያ ያያል፤ የጣሪያ ቆጣሪ ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ሰው ያድራል ብሎ መገመት አለበት። እኛ መጀመሪያ ስንመጣ በአንድ የቆርቆሮ ክፍል ስንት ሆነን እናድር እንደነበር ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ግምት አይደለም።

የ2008ቱ ቆጠራ ግን የተለየ ነበር፤ ሥልጣንና ገንዘብ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። በ2005ቱ ስምምነት ደቡቦች ከማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን 34 በመቶ ይዘው ነበር፤ ድርሻው በቆጠራው ውጤት እንደሚታይ በስምምነቱ ተጽፏል። ስለዚህ ጭቅጭቁ ቆጠራው ሳይጀመር ተጀመረ። ደቡቦች መጠይቁ ስለ ነገድና ስለ ሃይማኖት ይጠይቅ አሉ፤ ጥያቄዎቹ ግን ሳይገቡ ቀሩ። ቆጠራው በአፕሪል አጋማሽ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የደቡቡ መንግሥት አራዝሜዋለሁ አለ፤ በመጨረሻ ከአፕሪል 22 እስከ ሜይ 6 ተካሄደ።

በ2009 ውጤቱ ሲወጣ ደቡብ ሱዳን 8,260,490 ሰው፣ መላው ሱዳን ወደ 39 ሚሊዮን ተባለ። ይህ 21 በመቶ ነው። ሳልቫ ኪር አልቀበለውም አሉ። በሰሜን ይኖራሉ የተባሉት ደቡቦች ወደ 520 ሺህ ብቻ መሆናቸውም ብዙዎችን አስቆጣ። የደቡቡ የቆጠራና ስታቲስቲክስ ማዕከል ሊቀመንበር ኢሳያስ ቾል አሩዋይ ካርቱም ያለው መሥሪያ ቤት ጥሬውን መረጃ አላካፈለንም ሲሉ ተናገሩ። የጥራት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው ያለው። ማንም ቢቆጥር፣ ሌላው ከመጠይቁ ተነሥቶ ድምሩን እንደገና መሥራት ካልቻለ፣ ቁጥሩ የፖለቲካ ቃል ሆኖ ይቀራል።

እኛስ? በአገራችንም የ2007ቱ ቆጠራ ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ በፓርላማ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2012 በሁለት ቆጠራዎች መካከል የሚደረግ የሕዝብ ዳሰሳ አካሂዷል። ስለዚህ የጎረቤትን ቆጠራ ስናማ የራሳችንን እናስታውስ።

ብዙ ሰው መጠየቅም ብቻውን አያድንም። በ1936 አሜሪካ ውስጥ አንድ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መልሰው የላኩለትን ወረቀት ቆጥሮ ሩዝቬልት ይሸነፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48 ክፍለ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው በብዛት ከስልክና ከመኪና መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? ጁባ ውስጥም የንግድ ፈቃድ ያላቸውን ዝርዝር ብቻ ይዞ የሚዞር ጥናት በኮኞ ኮኞ ጥላ ሥር ሻይ የምትሸጠውን እናት አያገኛትም።

መለኪያውም ሌላ ጣጣ ነው። በጁባ ገበያ ማሽላ በማልዋ ይሸጣል፤ አንድ ማልዋ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ተብሎ ይታሰባል። ግን ያቺ ጣሳ አፍ እስከ ገደፏ ትሞላለች ወይስ በሻጩ እጅ ጉብ ትላለች? ጣና ዳር እህል በጣሳ የሰፈረ ሰው ይህን ያውቃል። መረጃ ሰብሳቢው ካልመዘነው፣ ዋጋው ሳይጨምር ጣሳው ቢያንስ ግሽበቱን አያየውም። በኦክቶበር 2016 የዚህ አገር ዓመታዊ ግሽበት ከ800 በመቶ በላይ ሲባል እኛ ጠዋት የለጠፍነውን የምግብ ዝርዝር ከሰዓት በኋላ በእስክርቢቶ እናስተካክል ነበር፤ ያንን ቁጥር ማንም ባያስረዳንም አምነነዋል።

በዚያው ሰሞን የዓለም ባንክና የአገሪቱ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በታብሌት ተደጋጋሚ ዳሰሳ ያደርጉ ነበር። የደስ አለን ነገር መጠይቁን ማሳጠራቸው ነው። ስለ ምግብና ስለ ዕቃ ሁሉንም ነገር ለሁሉም ሰው ከመጠየቅ ዋና ዋናውን ለሁሉም፣ የቀረውን በዕጣ ከፋፍለው ለየቤቱ ጠየቁ፤ የጎደለውን በስሌት ሞሉ። ጥይት በሚሰማበት ሰፈር ሁለት ሰዓት ቁጭ በል የሚል ጠያቂ ትክክለኛ መልስ አያገኝም። ድህነቱ ወደ 82 በመቶ ደርሷል አሉ፤ በ2009 ደግሞ 51 በመቶ ነበር። ሆኖም ጦርነቱ የባሰባቸው አካባቢዎች በኋለኛው ዳሰሳ ስላልተካተቱ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ዝም ብሎ ማቀናነስ አይገባም።

በድንበር ደግሞ ሳይጠይቁ የሚቆጥሩ አሉ። የኡጋንዳ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከማዕከላዊ ባንኩ ጋር ሆኖ በጭንቅላት፣ በብስክሌትና በሞተር የሚያልፈውን ያልተመዘገበ ዕቃ በዓይን እያዩ የሚመዘግቡ ሰዎች በየኬላው ያቆማል። በ2008 አካባቢ ከዚህ ዕቃ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ሱዳን ነበር፤ ይህም በአብዛኛው ወደ እኛ ከተማ የሚመጣው ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ በ2012 ነው። ዓይን ግን የዕቃውን ባለቤት አያይም። ሐበሻ ከካምፓላ የጫነው ሁሉ የኡጋንዳ ንግድ ተብሎ ተደምሯል። ትክክል ነው፤ እኛ ግን የለንበትም።

ልጅቷ ከአንድ ወር በኋላ ተመለሰች። የመጀመሪያው ሙከራ ነበር አለችን፤ መልሶቹ እርስ በርሳቸው ስለተጋጩ መጠይቁ ተለውጧል። «ቤተሰባችሁ ስንት ነው?» ሲባል አንዱ ጎንደር ያለች እናቱን ቆጥሯል፤ ሌላው አብሮት የሚያድረውን ብቻ። አሁን የሚጠየቀው «ትናንት ማታ ከአንድ ድስት የበላችሁ ስንት ናችሁ?» ሆኗል። ስለ ሠራተኛ ደግሞ «ትናንት ምሳ ሰዓት እዚህ ሲሠሩ የነበሩ ስንት ሰዎች ናቸው?» አለች። እኛም በተራችን ጠየቅናት፦ ማን ላከሽ? ስማችን የት ይገባል? የግለሰብ መልስ በምስጢር እንዲያዝ የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ1994 ያጸደቀው መርህ እንደሚያዝም ሰምተናል አልናት። ታብሌቷን አዙራ አሳየችን፤ በስም ፋንታ ያለው የኮድ ቁጥር ነበር።

«አምስት» አልናት። ስለ ሽያጩ ግን አንመልስም አልን። አልተከፋችም፤ «መልስ አልሰጡም» የሚለውን ነካችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።