በባለቤቶች መዝገብ ውስጥ የተገኘ ሙስሊም፦ የሜሪላንዱ የቤል ቤተሰብ በኑዛዜና በመሬት ሰነድ ሲመረመር

መግቢያ

የኑዛዜና የመሬት ሰነድ ለታሪክ ተመራማሪ ተብሎ አይጻፍም። መሬት የገዛ ሰው የገዛውን እንዳይነጠቅ ያስመዘግባል፤ ሞት የቀረበው ሰው ልጆቹ እንዳይጣሉ ይናዘዛል፤ ዳኛ የሟች ዕዳ እንዲከፈል ንብረቱን ያስቆጥራል። ስለዚህ ብዕሩ የሚከተለው የባለ ንብረቱን ጥቅም ነው። ራሱ እንደ ንብረት የተቆጠረ ሰው በዚህ መዝገብ ውስጥ ብቅ የሚለው ለሌላ ጉዳይ በተጻፈ መስመር ላይ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በሜሪላንድ በትምባሆ እርሻ የበለጸጉትን ቤል የተባሉ ቤተሰቦችና በእነርሱ እጅ ከአርባ ዓመት በላይ በባርነት የኖረውን ሙስሊም ያሮው ማሙትን ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በአሜሪካ በባርነት ስለነበሩ አፍሪካውያን ሙስሊሞች በሚንበሮቻችንና በመማሪያ ክፍሎቻችን ብዙ ይነገራል፤ ከሚነገረው ውስጥ ግን መሠረት የሌለው ቁጥርና የተጋነነ ተረክ አይጠፋም። ሐዲስ ሲጠቀስ ስለ ሰነዱ የሚጠይቅ ኡማ፣ ስለ ወንድሞቹ ታሪክ ሲናገር ሰነድ አያስፈልገኝም ሊል አይገባውም። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምርኮኛ ወደ ባለ መሬት

የቤል ስም በሜሪላንድ የገነነው በኒኒያን ቤል ነው። ይህ ሰው ስኮትላንዳዊ ወታደር ነበር። በ1650 በደንባር በተደረገው ጦርነት የክሮምዌል ሠራዊት ማረከው፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ለዓመታት የጉልበት ግዴታ ተዳርጎ በመጨረሻ ሜሪላንድ ደረሰ። በዚያ ዘመን የቅኝ ግዛቱ ደንብ ወደ አገሪቱ ለገባ ለእያንዳንዱ ሰው የ50 ኤከር መሬት መብት ይሰጥ ነበር። ኒኒያንም የአገልግሎት ዘመኑን ፈጽሞ በ1660ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ መብት ጠየቀ። ምርኮኛው በመሬት መዝገብ የታየው በዚህ መልክ ነው።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ የሚያሳየው ዕድገትን ነው። የሜሪላንድ የመሬት ሰነድ አንድ ለተመራማሪ የሚጠቅም ጠባይ አለው፤ እያንዳንዱ የተሰጠ ይዞታ የራሱ መጠሪያ ነበረው። ኒኒያን በ1703 በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ የተሰጠውን 795 ኤከር በትውልድ አገሩ ባለ ቦታ ስም «የደንባርተን ዓለት» ብሎ ሰየመው። ይዞታው ከአባት ወደ ልጅ ሲያልፍ፣ ሲከፋፈልና ሲሸጥ ስሙ አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ ተመራማሪው የሰዎቹ ስም ሲመሳሰልበት የመሬቱን ስም ይዞ መከተል ይችላል። ኒኒያን በ1717 በተወው ኑዛዜ ይህን መሬት ለልጁ ለጆርጅ አወረሰ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤል የሚለውን ስም የተሸከሙ ቤቶች በሜሪላንድ ብዙ ነበሩ፤ በየትውልዱም ሳሙኤል፣ ጆርጅ፣ ኒኒያን የሚሉ ስሞች ይደጋገማሉ። የስም መመሳሰል የዘር ሐረግ ማስረጃ አይሆንም። የሐዲስ ሊቃውንት ስማቸው የሚመሳሰል አስተላላፊዎችን ለመለየት ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ያቋቋሙት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ቤሎችን የምናያቸው በአንድ ምድር ላይ በአንድ ዓይነት ሀብት እንደኖረ ማኅበረሰብ ነው እንጂ ሁሉንም በአንድ የአባትና የልጅ ሰንሰለት አናስራቸውም።

ኑዛዜው የሚናገረውና የማይናገረው

በቅኝ ግዛቱ ዘመን የሜሪላንድ ኑዛዜዎች በአናፖሊስ በሚገኝ አንድ ማዕከላዊ የውርስ ፍርድ ቤት ይመዘገቡ ነበር። ይህ ፍርድ ቤት በ1777 ቀርቶ ሥራው ወደየአውራጃው ተላለፈ። ባለ ንብረት ሲሞት ገማቾች ተሰይመው ቤቱን ይቆጥራሉ፤ ላሙን፣ አልጋውን፣ ድስቱን፣ ትምባሆውንና በባርነት የተያዙትን ሰዎች በአንድ ዝርዝር ያሰፍራሉ። በሰዎቹ ረድፍ ላይ ዘወትር የሚገኘው ነጠላ ስም፣ የተገመተ ዕድሜና ዋጋ ነው። አባታቸው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጡ፣ ለማን እንደሚሰግዱ አይጻፍም። ለገማቹ ዋጋቸውን የሚቀይር ነገር አልነበረምና።

ሙስሊም አንባቢ ይህን ሲያይ ኑዛዜ በቁርኣን የያዘውን ቦታ ማስታወሱ አይቀርም። በሱረቱል በቀራህ (2፡180–182) ኑዛዜ አደራ ተደርጎ ተደንግጓል፤ ሰምቶ የሚለውጠው ኃጢአት እንደሚሸከም ተነግሯል፤ ተናዛዡ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን የፈራ ሰው ደግሞ በመካከላቸው ቢያስታርቅ ነቀፋ የለበትም። የሜሪላንዱ ኑዛዜ በወራሾች መካከል ለሚኖረው ፍትሕ እጅግ ይጠነቀቃል። ስለሚወረሰው ሰው ግን የሚጠይቅ አልነበረም።

1752

በ1751 የሜሪላንድ ምክር ቤት በፖቶማክ ዳርቻ ጆርጅታውን የምትባል ከተማ እንድትቆረቆር ወሰነ። ለዚህም 60 ኤከር ከጆርጅ ጎርደንና ከኒኒያን ልጅ ከጆርጅ ቤል እንዲወሰድ ታዘዘ። ጆርጅ ቤል ንብረቱ በግዳጅ እንደተወሰደበት ቅሬታውን አሰማ፤ ከሚቀርበት ይሻላል ብሎም የተሰጠውን ተቀበለ። ቅሬታው ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ጄምስ ጆንስተን በ2012 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በ1752 ኤላይጃ የምትባል መርከብ ከምዕራብ አፍሪካ ሰዎችን ጭና አናፖሊስ ደረሰች። ከተሸጡት መካከል በ16 ዓመት ገደማ ያለ ፉላኒ ወጣት ነበረ፤ የገዛውም ሳሙኤል ቤል ነበር። በፉላኒዎች ልማድ «ዬሮ» ለአራተኛ ወንድ ልጅ የሚሰጥ ስም ነው፤ «ማሙት» ደግሞ ከማሕሙድ ወይም ከሙሐመድ የተገኘ አጠራር ነው። ያሮው ማሙት የሚለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ስሙን ቢያዛባውም የዘሩንና የሃይማኖቱን ምልክት አላጠፋም። መሬቱ በግድ የተወሰደበት ሰው ምሬቱን በመዝገብ ሲያሰፍር፣ ነፍሱ በግድ የተወሰደችበት ወጣት ስለዚያ ቀን የተናገረው አንድም ቃል በመዝገብ አልሰፈረም።

ሳሙኤል ቤል የትምባሆ እርሻ ብቻ የነበረው ሰው አልነበረም። በ1760ዎቹ በአንቲታም አካባቢ የብረት ማቅለጫ ሽርክና ነበረው፤ በ1765 የብሪታንያ ፓርላማ የጣለውን የቴምብር ቀረጥ ውድቅ ካደረጉት የፍሬድሪክ አውራጃ ዐሥራ ሁለት ዳኞችም አንዱ ነበር። ያለ ፈቃዳችን ግብር አንከፍልም ያለው ዳኛ፣ ቤቱ ሲመለስ የሚያገለግለው ያለ ፈቃዱ የተያዘ ሰው ነበር።

ጡብና የነፃነት ቃል

ሳሙኤል ሲሞት ያሮው ወደ ልጁ ወደ ብሩክ ቤል ተላለፈ። ብሩክ በጆርጅታውን በትምባሆ ንግድ የተሰማራ ሰው ነበር። ሠዓሊው ቻርልስ ዊልሰን ፒል በ1819 ከቤተሰቡ ሰምቶ እንደጻፈው፣ ብሩክ ለሚያሠራው ቤት የሚበቃ ጡብ ከሠራለት ነፃ እንደሚያወጣው ለያሮው ቃል ገባለት። ያሮው ጡቡን ሠርቶ ጨረሰ፤ ብሩክ ግን በ1795 ቃሉን ሳይፈጽም ሞተ። በዓመቱ በ1796 ያሮው ነፃ ወጣ። በፒል ትረካ ቃሉን ያስፈጸመችው መበለቲቱ ማርጋሬት ናት፤ በነፃነት ሰነዱ ላይ የሚገኘው ስም ግን የልጁ የአፕተን ቤል ነው። ሁለቱ የግድ አይጋጩም፤ ትረካው የማን ፈቃድ እንደነበረ ሲያስታውስ ሰነዱ የማን ፊርማ በሕግ እንደሚጸና ያሳያል።

ጉዳዩን ከፊቅህ አንጻር ብናየው ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ሱረቱ ኑር (24፡33) በባርነት ያለ ሰው የነፃነት ጽሕፈት ሲጠይቅ መልካም ከታወቀበት እንዲጻፍለት፣ ከአላህም ገንዘብ እንዲሰጠው ያዛል። ሙካተባ ይባላል። ብዙኃኑ ፉቀሃ ትእዛዙን የተወደደ ሲሉት፣ ዳውድ አዝ-ዛሂሪን የመሳሰሉት ግዴታ ብለውታል። የተጻፈው ውል በጌታው ሞት አይፈርስም፤ ወራሾቹ ቀሪውን ይቀበላሉ እንጂ። የያሮው ቃል ግን በሰው ልብ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ወራሾቹ እምቢ ቢሉ የሚያስገድዳቸው አልነበረም።

ደግሞም የሜሪላንድ ሕግ ነፃ በሚወጣ ሰው ላይ የዕድሜ ጣሪያ ጥሎ ነበር፤ በ1752 50 ዓመት፣ በ1796 መጨረሻ በወጣው ሕግ 45። የሕጉ ምክንያት ባለቤቶች ጉልበቱ ያለቀ ሰው አውጥተው እንዳይጥሉ ነበር። ያሮው በዚያ ጊዜ 60 ዓመት ገደማ ነበር። ነፃነቱን ያገኘው ጉልበቱ ለቤሎች ከተሰጠ በኋላ ነው ማለት ነው። ይህን ሳናነሣ ስለ ቤተሰቡ ቸርነት መናገር ሚዛን ማጉደል ይሆናል።

በራሱ ስም የተጻፈ

ከ1796 በኋላ መዝገቡ ይለወጣል። ያሮው በ1800 በጆርጅታውን ዛሬ ዴንት ፕሌስ በሚባለው መንገድ ላይ የቤት ቦታ ገዛ። በሌሎች የንብረት ዝርዝር ውስጥ የኖረ ሰው አሁን ገዥ ሆኖ ተመዘገበ። በ1816 ስለ ከተማዪቱ የጻፈው ዋርደን እንዳስቀመጠው፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአደራ የያዘለት አንድ ነጋዴ ደኽይቶ ሞተ፤ ሁለተኛው ከሰረ፤ እርሱ ግን እንደገና ሠርቶ አጠራቀመ፤ በመጨረሻም በወዳጅ ምክር በኮሎምቢያ ባንክ አክሲዮን ገዛ። ፒል ደግሞ ያሮው ራሱን ሙስሊም ብሎ እንደሚጠራ፣ በመንገድ አላህን ሲያወድስ እንደሚሰማ፣ ከአሳማ ሥጋና ከአልኮል እንደሚርቅ መዝግቧል። ከ60 ዓመት በላይ ያለ መስጊድና ያለ ጀማዓ የቆየ እምነት ማለት ይህ ነው።

ፒል የሣለው ሥዕል ዛሬ በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በዚያን ጊዜ ያሮው 134 ዓመት እንደሞላው ይወራ ነበር። ፒል ግን ወሬውን ብቻ አልተቀበለም፤ ወደ ብሩክ መበለት ሄዶ ጠየቀ። የተመራማሪዎች ስሌት ወደ 83 ያደርሰዋል። 134 የሚለው ቁጥር ዛሬም በአንዳንድ ጽሑፎች ይደጋገማል፤ ያሮው ግን ክብር ለማግኘት የተጨመሩለት ሃምሳ ዓመታት አያስፈልጉትም።

ያሮው በጥር 1823 ሞተ። ፒል ስለ ሞቱ ባሳተመው ማስታወቂያ በአትክልት ቦታው፣ ዘወትር ይሰግድበት በነበረው ማእዘን መቀበሩን ገለጸ። በ2015 በቦታው በተደረገ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ አፅሙ አልተገኘም። ሰነዱ ግን ከሞቱ በኋላም መናገሩን አላቆመም። በ1843 የእኅቱ ልጅ እርሱ በሕይወት ሳለ ያበደረው ገንዘብ እንዲመለስላት ፍርድ ቤት ከሰሰች። ብድሩ በመያዣ የተጻፈ ስለነበረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም ሊጠየቅ ቻለ። ዕዳን መጻፍ በሱረቱል በቀራህ (2፡282) ለምን እንደታዘዘ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ያሮው በሜሪላንድ እኅት እንደነበረችው የምናውቀው ቤሎች ካስጻፉት ወረቀት ሳይሆን ከዚህ ክስ ነው። ልጁ አኩይላ በአንቲታም አቅራቢያ መሬት ገዝቶ ኖረ፤ የአኩይላ ሚስት ፖሊ ያሮው የአካባቢው አዋላጅ ነበረች፤ መንደሩም በስሟ ያሮውስበርግ ተባለ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ምርመራ ለመምህራንና ለኢማሞች ሦስት ነገሮች እናስቀምጣለን። አንደኛ፣ የበዳይ መዝገብም ምስክር ነው። የጻፈው ሰው ስለ ዋጋና ስለ ወሰን የተናገረውን ልንቀበል እንችላለን፤ ስለ ራሱ ደግነት የተናገረውን ግን እንመረምራለን፤ ዝም ያለበትንም እናስተውላለን። ሁለተኛ፣ ከአንድ ሰው ታሪክ የብዙኃንን ቁጥር አናወጣም። በዚያው በሜሪላንድ በ1730ዎቹ መጀመሪያ በባርነት የነበረውና በኋላ ወደ አገሩ ቡንዱ የተመለሰው ኢዩብ ሱለይማን ዲያሎ በአረብኛ ጽሑፉ ይታወቃል፤ ያሮው በጡብና በቤት ሰነድ ይታወቃል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ «ስንቶች ነበሩ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆኑም።

ሦስተኛውና ከባዱ ፍትሕ ነው። የቤሎችን መዝገብ ስንከፍት የራሳችንንም አንዘጋም። ባርነት በሙስሊም አገሮችም ነበረ፤ የፉታ ጃሎን ኢማማት ጦርነቶች ራሳቸው ምርኮኞችን ወደ ባሕር ዳርቻ አውርደዋል፤ ከአገራችንም ብዙዎች በቀይ ባሕር ተሻግረዋል። ሱረቱ ኒሳእ (4፡135) በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለአላህ ብለን እንድንመሰክር ያዛል። በሐረር የተጠበቁ የዐረብኛ የሽያጭና የወቅፍ ሰነዶች፣ በየመስጊዱ ሳጥን ያሉ የውርስና የኒካሕ ወረቀቶች በዚሁ ዐይን የሚያነባቸውን ይጠብቃሉ። እነዚህን ወረቀቶች ከምስጥና ከዝናብ መጠበቅ፣ የተጻፈባቸውን ስም ሁሉ፣ የባለ ንብረቱንም የአገልጋዩንም፣ ሳይዘሉ መመዝገብ ከዒልም ሰው የሚጠበቅ አማና ነው።

አላህ ያሮውንና ስማቸው ያልተጻፈላቸውን ሁሉ ይማር። ወላሁ አዕለም።