ዳኛው ጆንስና የሳንስክሪት መምህራኑ

ሳንስክሪት በአውሮጳ እንዴት ታወቀ ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የሰር ዊልያም ጆንስ ስም ነው። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው የትምህርቱ መነሻ የዕውቀት ፍቅር ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬም ሆኖ አገኘነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንስ በ1783 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ካልካታ ገባ። የቤንጋል ሂንዱዎች በጋብቻና በውርስ ጉዳይ በገዛ ሕጋቸው እንዲዳኙ በ1772 ተወስኖ ነበር፤ ሕጉ ግን የተጻፈው በሳንስክሪት ነው። እንግሊዛውያኑ ዳኞች ቋንቋውን ስለማያውቁ፥ ፓንዲት የሚባሉት ሊቃውንት የነገሯቸውን ከመቀበል በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በ1776 የታተመው የሕግ መጽሐፍ እንኳ ዐሥራ አንድ ፓንዲቶች በሳንስክሪት አጠናቅረውት፥ ወደ ፋርስኛ ተመልሶ፥ ከዚያም ሃልሄድ ከፋርስኛው ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመው ነበረ። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቃል መፍረድ ለጆንስ ከበደው። ፓንዲቶቹንም አላመናቸውም።

ስለዚህ በ1785፥ ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ፥ ክሪሽናጋር ሄዶ መምህር ፈለገ። ብራህማኖቹ ሊያስተምሩት አልወደዱም ይባላል፤ ያስተማረው ከሐኪሞች ወገን የሆነ ራምሎቻን የተባለ ሊቅ ነው። ጆንስን የሚያነሣ ሁሉ ይህን ሰው አለማንሣቱ አግባብ አይመስለንም።

ትምህርቱ ዓመት ሳይሞላው፥ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1786፥ ጆንስ በእስያ ማኅበር ፊት ንግግር አደረገ። ሳንስክሪት፥ ግሪክና ላቲን በግሥ ሥሮቻቸውም በሰዋስው ቅርጻቸውም የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ ሊሆን ስለማይችል፥ ምናልባት ዛሬ ከሌለ አንድ ምንጭ የወጡ ናቸው አለ። በእርግጥም አባት በሳንስክሪት «ፒታር»፥ በግሪክና በላቲን «ፓቴር» ነው። መመሳሰሉን ከእርሱ በፊት ያስተዋሉ ነበሩ፤ ዓለም የሰማው ግን እርሱን ነው። ቃልን ከሥርና ከቅጥያ ለይቶ መመርመር ለህንድ ሊቃውንት አዲስ ነገር አልነበረም። ፓኒኒ አራት ሺህ በሚያህሉ አጫጭር ደንቦች የቋንቋውን ሰዋስው ከወሰነው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ተማሪዎችም ደንቦቹን በቃላቸው ያጠኗቸው ነበር።

ጆንስ ለሕግ ብሎ የጀመረው ትምህርት ከሕግ ውጭ ወሰደው፤ በ1789 የካሊዳሳን የሻኩንታላ ቴአትር በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አወጣ። ሕጉንም አልተወም። ታላቁን የሕግ ስብስብ ያዘጋጁ ዘንድ ግን የመረጠው እነዚያኑ ያላመናቸውን ፓንዲቶች ነበረ። በዕድሜ እጅግ የገፋው ጃጋናታ ታርካፓንቻናና አጠናቀረው። ጆንስ በ1794 ሳይተረጕመው ሞተ፤ ሥራውን ሄንሪ ኮልብሩክ ፈጸመው።