የአፀደ ሕፃናት ፈቃድና የ«ኦ» ክፍል ቁጥጥር

የአዲ አርቃይ ከተማ ከደባርቅ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ሽሬ በሚያመራው መንገድ ላይ ትገኛለች። እንደ ሌሎች የአገሪቱ ገጠር ወረዳዎች ሁሉ በአካባቢው ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቁጥጥር ሲነሳ፣ አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው የግል አፀደ ሕፃናትና በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ የሚሰጠው የ«ኦ» ክፍል በአንድ መንገድ የማይስተናገዱ መሆናቸው ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአፀደ ሕፃናት ዕውቅና ቢሰጥም፣ ማስፋፋቱ በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለኅብረተሰቡ የተተወ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የግል ትምህርት ተቋማት ፈቃድ አሰጣጥና ቁጥጥርን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ። በዚህ አሠራር መሠረት ተቋም የሚከፍት አካል ሕፃናቱን ከመቀበሉ በፊት ሕንፃው፣ የመጫወቻ ሜዳው፣ የመጸዳጃ ቤቱና የመምህራኑ ሥልጠና ይመረመራሉ። ጉድለት ከተገኘ ፈቃድ ሊከለከል፣ የተሰጠውም ላይታደስ ይችላል።

አፀደ ሕፃናት በዚህ ሁኔታ በከተሞች ተወስኖ ቆየ። በገጠር ፊደል ያስቆጥር የነበረው በዋናነት የቄስ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እርሱም የመንግሥትን ፈቃድ ጠይቆ የተከፈተ አልነበረም።

ለውጥ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለአንደኛ ክፍል የሚያዘጋጀው የአንድ ዓመት «ኦ» ክፍል በመላ አገሪቱ በፍጥነት ተስፋፋ። ክፍሉ የሚከፈተው ነባሩ ትምህርት ቤት ውስጥ በመሆኑ እንደ ግል ተቋም የተለየ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ስለዚህ አንድ የግል ተቋም በሩን ለመክፈት የሚያሟላው መስፈርት በ«ኦ» ክፍል ላይ የሚጠየቀው ሕፃናቱ ከገቡ በኋላ፣ በጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘሮች ጉብኝትና በኢንስፔክሽን ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሥራ ላይ የዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ 26 ስታንዳርዶችን ይዞ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ አንድ እስከ አራት ይመድባል፤ አብዛኞቹ ከደረጃ ሦስት በታች ሆነው ተገኝተዋል።

ትምህርቱ በብዙ ቦታ ለግማሽ ቀን ብቻ የሚሰጥ መሆኑ መስፈርቱን ማላላት የሚቻል ሊያስመስል ይችላል። በእርግጥ ሕፃናቱ ምሳ ስለማይበሉና ስለማይተኙ እንደ ሕፃናት ማቆያ ማብሰያና መኝታ አያስፈልጋቸውም፤ በሌሎች አገሮችም በቀን ለጥቂት ሰዓት የሚሠሩ ተቋማት ከሙሉ ቀን ማቆያ በቀለለ ደንብ የሚታዩበት ሁኔታ አለ። ነገር ግን በሰሜን ተራሮች ግርጌ ቁልቁለትና አቀበት ተጉዞ ለሚመጣ የስድስት ዓመት ሕፃን የሚጠጣ ውኃ ማግኘት በሰዓት ማጠር የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ለትልልቅ ተማሪዎች የተሠራ አግዳሚ ወንበርና ጥልቅ መጸዳጃ ጉድጓድም ለእርሱ አደጋ ነው። ፈቃድ ሰጪው በግል ተቋም ውስጥ በቅድሚያ የሚያየው ይህንኑ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ የ2017 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት አዋጅም ተከትሎታል። አንድ «ኦ» ክፍል የነበረው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍልና ሌላ ሠልጣኝ መምህር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ደርሶ እንደነበር፣ በክልሉም በርካታ ትምህርት ቤቶች መጎዳታቸውና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተከሰተው ግጭት ብዙዎቹ መዘጋታቸው ይታወሳል። በተዘጋ ትምህርት ቤት የ«ኦ» ክፍሉም አብሮ ተዘግቷል።