ከሹመት በፊት የተሰማ ወንጌል

ወንጌልን መስበክ የማን ሥራ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የጳጳሱ፥ የቄሱና የመምህሩ ነው ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ምሥጢራትን ለመፈጸም ሥልጣነ ክህነት የግድ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲመረመር ቃሉ ከሹመቱ ቀድሞ የደረሰባቸው አገሮች ይገኛሉ። በግብረ ሐዋርያት እንደ ተጻፈው፥ ከእስጢፋኖስ ሞት በኋላ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ሲቀሩ በየአገሩ ቃሉን ይዘው የዞሩት በስደት የተበተኑት ምእመናን ነበሩ።

ለዚህ ነገር የአኵሱም ታሪክ ግልጥ ምስክር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ማለቂያና በ5ኛው መጀመሪያ የነበረው ሩፊኖስ እንደ ጻፈው፥ የጢሮስ ሰው ፈላስፋው ሜሮጵዮስ ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ የተባሉትን ሁለት ልጆች አስከትሎ ወደ ሕንድ ተጓዘ። የጥንት ጸሐፊዎች ኢትዮጵያንም ሕንድ ይሏት ስለ ነበር አንባቢ በስሙ አይደናገር። በመመለሻቸው መርከቢቱ ውሃና ስንቅ ለመያዝ ወደብ በያዘች ጊዜ፥ ከሮማውያን ጋራ የነበረው ውል ፈርሶ ነበርና የአገሩ ሰዎች በውስጧ ያሉትን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ስለ ራሩላቸውም ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። በዛፍ ጥላ ሥር ቅኔ የቈጠረ ሰው ይህችን ዛፍ ሳይወዳት አያልፍም።

ኤድስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስም ብልህ ሆኖ ስለ ተገኘ የንጉሡን ሒሳብና ደብዳቤ ያዘ። ፊልጶስ ያጠመቀው የሕንደኬ ጃንደረባም የንግሥቲቱ በጅሮንድ ነበርና፥ ሁለት ጊዜ የኢትዮጵያ ወንጌል በግምጃ ቤት ሹም እጅ አለፈ ማለት ነው። ንጉሡ ሲሞት ልጁ ገና ሕፃን ስለ ነበር ንግሥቲቱ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው። በዚህ ጊዜ ፍሬምናጦስ ከሮማውያን ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያን የሆኑትን ፈልጎ የጸሎት ስፍራ እንዲያበጁ አደፋፈራቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሰጣቸው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዲያቆን እንኳ አልነበረም።

ሕፃኑ ባደገ ጊዜ ኤድስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄደ። እኔ የተከልሁትን እኔው እበቃዋለሁ ቢል ማን በከሰሰው ነበር! እርሱ ግን ለሕዝቡ ኤጲስ ቆጶስ እንዲፈለግ አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም (በ328 መንበሩን የያዘው ነው) ከካህናቱ ጋራ መክሮ ራሱን ለማኙን ሾሞ መለሰው። የአርዮስን ወገኖች ይደግፍ የነበረው ቄሣር ቈስጣንጢዮስ በ356 ገደማ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ ሃይማኖቱ ይመርመር አለ። የቀድሞው ምርኮኛ የሮምን ቄሣር እስከ ማሳሰብ ደርሶ ነበር። በኢዛና ገንዘብ ላይም የጨረቃው ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካ።

ሩፊኖስ በዚያው መጽሐፉ ከአኵሱም አያይዞ ስለ ጆርጅያ ይናገራል። በዚያ የጀመረችው ምርኮኛ ሴት ናት፤ እርሱ ስሟን አይጠራም፥ ጆርጅያውያን ግን ኒኖ ይሏታል። በጸሎቷ ንግሥቲቱ ከደዌ ዳነች፤ ኋላም ንጉሡ አመነ። ንጉሡ ገና ሳይጠመቅ ወንዶቹን፥ ንግሥቲቱም ሴቶቹን አስተማሩ፤ ከዚያም ካህናት እንዲላኩላቸው ወደ ቈስጠንጢኖስ መልእክተኞች ሰደዱ። እንደ አኵሱም ሁሉ በዚህም ክህነቱ ኋላ መጣ፤ ከመጣም በኋላ ትርፍ ነው ያለው አልነበረም። ምእመን ሁሉ መምህር ከሆነ ካህን ለምን የሚሉም፥ ካህን ካለ ምእመን ዝም ይበል የሚሉም ከእነዚህ ከሁለቱ አገሮች ድጋፍ አያገኙም።

ኤድስዮስ ግን በአኵሱም በዓል አይከበርለትም፤ ሐምሌ 26 ቀን የሚታሰበው ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የተባለው ጓደኛው ነው። እርሱ በጢሮስ ቄስ ሆኖ ኖረ። የዛፏን፥ የንግሥቲቱንና የነጋዴዎቹን ነገር ሁሉ ለሩፊኖስ በቃሉ የነገረው ይህ የቀድሞ ጠጅ አሳላፊ ነው።